የጌታሰው ግራ ዓይን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን በሃያ ሁለት ብሩሽ ጀምሬ ያለ አንድም ብሩሽ ጨረስኩ። ጎንደር ፒያሳ ከጋሽ ሙላት ታፔላ ቤት የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩ በሳምንቱ ነው። ጋሽ ሙላት ቀለም የነካቸውን ብሩሾች በቆርቆሮ አስረከቡኝና እጠቢያቸው ብለው ወጡ። እኔም በውሃና በሳሙና ፈትጌ አጠብኩና ፀሐይ ላይ ደርድሬ አሰጣኋቸው። የዘይት ቀለም በአኳራጅ እንጂ በውሃ እንደማይለቅ የነገረኝ አልነበረም። ሲመለሱ ብሩሾቹ ቋንጣ ሆነው ጠበቋቸው። አንዱን አንሥተው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉበትና «ይሁን፤ መዶሻም ቸግሮን ነበር» አሉ።

እናቴ ሥራው እንዴት ነው ስትለኝ መሣሪያ አስረከቡኝ አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ያን ጊዜ ጋሽ ሙላት ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ቀለም በመፍጨት ነው። ለእንጀራቸው ታፔላ ይጽፋሉ፤ አንድ ደብር ሲጠራቸው ደግሞ የፒያሳውን ሱቅ ዘግተው ቅዱሳንን ሊሥሉ ይሄዳሉ። ተቆልፎ ያገኘ ደንበኛ ቢቆጣ ግድ የላቸውም።

በቤቱ ማዕረግ ነበረ። ስትገቢ አጣቢ ነሽ። አጣቢነቱን ያለ ጥፋት ከጨረስሽ ወጣሪ ትሆኛለሽ፤ ሸራውን እንጨት ላይ ወጥረሽ፣ ሙጫና ጀሶ ቀብተሽ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታሻሽዋለሽ። ከዚያ በላይ ፊደል ሞይ አለ፤ ጋሽ ሙላት በእርሳስ የነደፉትን ፊደል ከመስመር ሳትወጪ በቀለም ትሞያለሽ። ከሁሉ በላይ ያለው ነዳፊ ነው። ነዳፊ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸው።

በሁለተኛው ዓመቴ ጋሽ ሙላት ለደብር ሥራ በሄዱበት አንድ ፀጉር አስተካካይ ታፔላ ሊያሠራ መጣ። እኔ ገና ፊደል ሞይ ነበርኩ፤ ነገር ግን ድፍረት ያኔም አላነሰኝም። የፀጉሩ አቆራረጥ በደንብ እንዲታይ ብዬ በታፔላው ላይ ሰውየውን በጎን ነደፍኩት። አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፤ እጅግ ያማረ መሰለኝ። ጋሽ ሙላት ሲመለሱ ከሩቅ ቆመው አዩትና ይኼ ሰው ምን አጠፋ ሲሉ ጠየቁኝ። ምን ያጠፋል ጋሼ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ ነው የመጣው አልኳቸው።

«ታዲያ ምነው አንድ ዓይን ብቻ ሰጠሽው?»

የዚያን ቀን ነው ደንቡን የነገሩኝ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳ፣ ሰይጣንና ሰማዕታትን የሚያሠቃዩ ወታደሮች ግን በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። ይህን ብለው የኔን ሰውዬ በነጭ ቀለም አጠፉትና ፊት ለፊት አድርገው ነደፉት። ፀጉሩ ብዙም አይታይም፤ ዓይኖቹ ግን ከባጃጅ መቆሚያው ይታያሉ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ያስፈራል ብሎ አጉረመረመ። ኋላ ሌባም ያስፈራል ብሎ ተቀበለው።

ከዚያ አምስት ዓመት ሠርቼ አዲስ አበባ ሄድኩና ሦስት ዓመት የዘይት ሥዕል ተማርኩ። እዚያ ዓይን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ብርሃን ከየት ነው የመጣው፣ ጥላው የት ያርፋል፣ አጥንቱ ከቆዳው ሥር እንዴት ዞሯል፤ የምንጠየቀው ይህን ነበር። በጎን የተቀመጠ ሰው በመስኮት ብርሃን መሣል በጣም ተዋጣልኝ። መምህሬም አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ለረጅም ጊዜ ይዤው ዞርኩ።

ጎንደር ስመለስ የሻንጣዬ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ቀለም ነበር። ጋሽ ሙላት አንዱን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱና «ይኼ ተልባ አይደለም እንዴ?» አሉ። የተልባ ዘይት ነው፣ ቀለሙ የሚለዝበው በሱ ነው አልኳቸው። እኛ ለጨጓራ የምንጠጣውን አንቺ ሦስት ዓመት ተማርሽው ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

እኔ ግን የመጣሁት በሕይወት ያለ ሰው መልክ ብቻ የሚሣልበት ቤት ልከፍት ነበር። ይህን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት። በዚህ አገር ሰው የሚሣለው ሲጸድቅ ነው፣ ተራ ሰው ፎቶ እያለለት ማን መልኩን ያሠራል አሉ። ተከራከርን። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ የሱቁን የኋላ ክፍል ይሰጡኛል። አንድ ሰው አምኖ ካዘዘኝና ሥዕሉ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ የኔን ሥዕል ቤት ታፔላ እሳቸው በእጃቸው ይጽፉልኛል። ካልተሰቀለ ፊደል ወደ መሙላት እመለሳለሁ። ለማሳያ እንዲሆነኝ የሳቸውን መልክ ሣልኩና በሩ ላይ ሰቀልኩት።

አያ እንግዳን ያመጣልኝ ያ ሥዕል ነው። በኅዳር አንድ ቀን፣ ዱላ የያዙ፣ ጋቢ የለበሱ ገበሬ በሩ ላይ ቆመው ሥዕሉን እጅ ነሥተው ገቡና እኒህ ሰው ውስጥ አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሥዕሉን ከሰው ጋር አሳስተውት እንዳይመስላችሁ፤ ነገረኛ ናቸው፣ ሊያሾፉብኝ ነው።

ድብ ባሕር ከሚባል ገጠር ነው የመጡት። ልጃቸው ጌታሰው እዚህ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ በጥር መጨረሻ እዚያው እናት አባቱ ቤት ይሞሸራል። መልኩን አሠርተው ለሠርጉ ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉ አስበዋል። ለምን ፎቶ እንዳልፈለጉ ጠየቅኋቸው።

«ፎቶማ ነበረን። የኔና የሚስቴ የያልጋ የሠርጋችን ፎቶ ጭስ በልቶት አሁን እኔ የትኛው እንደሆንሁ አላውቅም» አሉ። «የደብራችን ሥዕል ግን ካያቴ ጀምሮ ይኸው አለ። እንደዚያ ሸጋ አድርገሽ ሣይልኝ።»

እጃቸውን ይዤ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። የመጀመሪያው ትእዛዜ ነበር። የቤታቸውን ግድግዳ ልይ አላልኩም፤ ደብራቸው ምን ዓይነት ሥዕል እንዳለውም አልጠየቅሁም።

ጌታሰው በቅዳሜው ከሚኖርበት ከአዘዞ በሚኒባስ መጣ። ረጅም ነው፣ ጥርሰ ነጭ ነው፣ ሲስቅ ትከሻው አብሮ ይስቃል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ቀኝ ጎኑን ሰጠኝ። ወንበሩን አስተካከልኩለት፤ ዞረ። ዕቃዬን አንሥቼ በሌላ በኩል ሄድኩ፤ አሁንም ዞረ። እንዲህ ክፍሉን ከዞርን በኋላ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱም ነገሩን ነገረኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ገብስ ሲወቃ አውድማው ላይ ነበር። የገብሱ ጭራ ግራ ዓይኑን ወጋውና ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሎበት ቀረ። በዚያ ዓይን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያይም። ከተማ ለትምህርት ከመጣ ጀምሮ ፎቶ ሲነሣ ሁልጊዜ በቀኝ ጎኑ ነው፤ ሰው ሲያነጋግርም ፊቱን ወደ ጎን ቀለስ ያደርጋል። «በሠርጌ ቀን ሰው ሁሉ ዓይኔን ሲያይ እንዲውል አልፈልግም። በጎን ሣይኝ። እኔ እንዳልኩሽ ግን ለአባቴ እንዳትነግሪው፣ ያዝናል» አለኝ።

ቃል ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። በጎን፣ በመስኮት ብርሃን፤ እኔ የምችለውን ነው የጠየቀኝ። ጋሽ ሙላት በፀጉር አስተካካዩ ታፔላ ያስተማሩኝ ነገር በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። ትዝ ቢለኝም ያ የግድግዳ ሥዕል ነው፣ ይኼ ሌላ ነው እል ነበር።

አራት ቅዳሜ ተቀመጠልኝ። ጀማሪዎች የሰው ቆዳ ቡናማ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የጌታሰው ግንባር ላይ ቢጫ አፈርና ቀይ አፈር፣ ጉንጩ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ፣ ከአገጩ ሥር ጥላው ውስጥ አረንጓዴ አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተነሥቶ አየና አረንጓዴ ነኝ እንዴ ብሎ ደነገጠ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽንት ስታይ የምትውል ሰው በቀለም አትደንግጥ አልኩት። ተግባብተን ነበር።

ሥዕሉ ሲያልቅ ኮራሁ። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ጫፍ የወረደው ብርሃን፣ ከጆሮው ኋላ ያለው ጨለማ፣ የሸሚዙ ኮሌታ፤ ዛሬም አይቼው የማፍርበት ቦታ የለም። ጋሽ ሙላትን ጠራኋቸው። ከቅርብም ከሩቅም አዩት።

«እጅሽ ሠልጥኗል» አሉ። «አባትየው ግን አይወስዱትም።»

ለምን ስላቸው ሥዕሉ የሚሰቀለው የት ቤት ነው ብለው መለሱልኝ። ዘመኑ ተለውጧል ጋሼ፣ ሰው አሁን በስልኩ የዓለምን ሥዕል ሁሉ ያያል አልኳቸው። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ወደ ታፔላቸው ተመለሱ። ያኔ ቅናት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን ይዤ ወደ ድብ ባሕር ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ዕቃ ከላይ ነው የሚጫነው አለኝ። የፊቱ ቀለም ገና በደንብ ስላልደረቀ እምቢ አልኩና ለሥዕሉ የራሱን ወንበር ያዝኩለት። ረዳቱ «ይኼ ሰው ወራጅ የት ነው?» ብሎ ሚኒባሱን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ በኋላ ግለጪው፣ እንየው ተባለ። የሸፈንኩበትን አንሶላ ገለጥኩ። አንዲት ሴትዮ አግብቷል ወይ ብለው ጠየቁ፤ በዚህ ወር ነው ስላቸው እያዘኑ ተቀመጡ። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ ግን ሥራው ሸጋ ነው፣ ምነው ፊቱን አዞረብን፣ ተቀይሞ ነው ወይ አሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

አያ እንግዳ ቤቱን አዘጋጅተው ቆይተውኛል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ እንደ አዲስ ተለስኖ ነጭ አፈር ተቀብቷል። ምስማሩ ሳይቀር ተመትቷል። ሚስታቸው እትዬ ያልጋ ነጠላቸውን አስተካክለው ለክብር እንግዳ እንደሚቆም ሰው ቆመዋል። እኔም ሥዕሉን ግድግዳው ሥር አቁሜ አንሶላውን አነሣሁ።

አያ እንግዳ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ወደ ሥዕሉ ዓይን ጠቆም አድርገው «አንድ» አሉና ቆሙ። ሌላውስ ብለው ጠየቁኝ። በዚያ በኩል ነው አልኳቸው። በዝግታ ሄደው ሥዕሉን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረጉና ከኋላው አዩ። እንጨትና ሸራ ነበር።

ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት። እንዲያ የከፋው ሰው አይቼ አላውቅም።

«አንች ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ጌታሰው ከተማ ላይ የበደለው ሰው አለ?»

የለም አልኳቸው።

«ታዲያ ምነው ከይሁዳ ጋር አስቀመጥሽው? የንስሐ አባታችን እዚህ ገብተው ሲቀመጡ ይኸን ሲያዩ ምን ይላሉ? አንች አብረሽው ስትውይ ያየሽበት፣ እኛ የማናውቀው ነገር አለ ማለት ነው።»

ያኔ ነው የፀጉር አስተካካዩ ታፔላ እንደ ድንጋይ ራሴን የመታኝ። እኚህ ሰው ያዘኑት ሥዕሉ ስላላማረ አይደለም፤ ልጃቸው ሊያገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክፉ ሰው ነው ብዬ የመሰከርኩበት ነው የመሰላቸው። እውነቱን አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ለጌታሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ልጅዎ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ሥራ ጀምሬ ነው አልኳቸው። እንዳላመኑኝ አየሁ።

 ሥዕሉን ስሸፍነው እትዬ ያልጋ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ከኔስ ምነው ዞረ?» አሉ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሥዕሉን ለማንም አልገለጥኩም። ነጩ ግድግዳ ላይ የቀረው ምስማር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጋሽ ሙላት ሥዕሉን ይዤ ስገባ አይተው አልነገርኩሽም ወይ አላሉም። እንኳን አላሉ፤ ቢሉ አለቅስ ነበር። የፊደል መሙያውን ብሩሽ ከመደርደሪያው አውርጄ ሳጥብ ግን ተዪው፣ ሠርጉ ገና አልደረሰም አሉኝ።

ለጌታሰው ደወልኩለት። በማግሥቱ ከሥራ ሲወጣ እጮኛውን ሰላምን ይዞ መጣ። ሰላም ነርስ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር የማታድበሰብስ ልጅ ናት። አባቱ ያሉትን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ትከሻው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «አባቴ እኔን ጠረጠረኝ?» አለ። ወይ አንተን ወይ እኔን፣ ሌላ ሰው እዚያ ሥዕል ላይ የለም አልኩት።

ሰላም በጎኑ የተሣለውን ሥዕል እያየች ነበር። ቆንጆ ነው፣ ግን ይኼን ሰውዬ ብዙም አላውቀውም አለች። ጌታሰው ምን ለማለት እንደሆነ ሲጠይቃት «እኔ መንገድ ላይ ሁሌም በግራህ ነው የምሄደው። ባጃጅ ሲመጣ የማታየው በዚያ ነዋ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ የማየው ያንን ዓይንህን ነው» አለችው። የተናገረችው ስለ ባጃጅ እንጂ ስለ ፍቅር አልመሰላትም። እሱ ግን ቁጭ አለ።

ስልኩን አወጣና እዚያው ፊታችን ለአባቱ ደወለ። በጎን ሣይኝ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ እንዳይታይ ብዬ ነው አላቸው። አያ እንግዳ በስልክ የሚናገሩት ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር ለማሰማት ስለሆነ ድምፃቸው ለኛም ደረሰን። 

«ምነው ልጄ?» አሉ። «ዓይንህ በተወጋ ዓመት የወቃነውን ገብስ ሸጠን እኮ ነው ደብተር የገዛንልህ።»

ከዚያ ስለ በግና ስለ ድንኳን ማውራት ጀመሩ። ጌታሰው ስልኩን ዘጋ፣ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፣ ወንበሩን ራሱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ፊት ለፊት አዞረና ተቀመጠ። በይ ጀምሪ አለኝ።

ለሠርጉ ዐሥራ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር። የዘይት ቀለም የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ተልባ አይቸኩልም። በድሮው ሥዕል ላይ ደርቤ እንዳልሥል፣ ከሥር ያለው ሳይደርቅ የላዩ ይሰነጠቃል። አዲስ ሸራ ያስፈልጋል። ጠዋት ስገባ ጋሽ ሙላት እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ምስማር በአፋቸው ይዘው ሸራ ሲወጥሩ አገኘኋቸው። ለምን እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው ምስማሩን ከአፋቸው አውጥተው ዛሬ ወጣሪው እኔ ነኝ፣ ነዳፊዋ አንቺ ነሽ አሉ።  ከተቀጠርኩ ጀምሮ የሰጡኝ ትልቁ ሹመት እሱ ነው።

ጌታሰው በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ተቀመጠ። የታችኛውን ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ ስስ አደረግሁት፤ ቶሎ እንዲደርቅ ቀን ቀን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አቆመዋለሁ። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ ቀኝ ዓይኑ ባሰብኩት ቀን አለቁ። ግራው ዓይን ጋ ስደርስ ብሩሼ ቆመ። እንዳላስቀይመው ፈራሁ። እሱም ገባውና ለዚህ ዓይን አትዘኚለት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ሌሎቹ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደክማሉ፣ እኔ ለሥራው ተመቻችቼ የመጣሁ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ እጄ ተፈታ።

መጀመሪያ ጠባሳውን በነጭ ሞከርኩት፤ የግድግዳ ኖራ መሰለ። ፋቅሁት። ቀርቤ ሳየው ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። ግራጫ ነው፣ ጠብታ የምታህል ሰማያዊ አለችው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያው የዓይኑ ቡናማ ገብቶበታል። ቀኝ ዓይኑ ላይ ብርሃኑን በብሩሽ ጫፍ እንደ ነጥብ አስቀመጥኩት። በግራው ላይ ግን ብርሃን አንድ ቦታ አያርፍም፤ በደረቅ ብሩሽ በስሱ አለፍኩበት። ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ሥዕሉ ሙሉ ሰው ሆኖ አየኝ። እንደዚያ ቀን በእጄ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሠርጉ ዋዜማ ከጋሽ ሙላት ጋር ይዘነው ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ በተራ ነው ያቀፍነው። አያ እንግዳ በሩ ላይ ተቀበሉን፤ ሥዕሉን እስክገልጥ ከአጠገቤ አልራቁም። ጣታቸውን አነሡና «አንድ። ሁለት» ብለው ቆጠሩ። ከዚያ ከኋላው ላለማየታቸው ምክንያት ሲሰጡ ሸራና እንጨት መሆኑን አውቄዋለሁ አሉኝ። ነገረኛነታቸው ተመልሷል። ሥዕሉን ራሳቸው አንሥተው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። እኔም የጉንጩ ቀለም ገና አልደረቀም፣ ማንም እንዳይነካው አልኩ። ለንስሐ አባታቸው፣ ለሚዜዎቹ፣ ድንኳን ለሚተክሉት፣ ለገባ ሰው ሁሉ ነገርኩ።

ለእትዬ ያልጋ መንገር ረሳሁ። ከጓዳ ሲወጡ ሰፌድ ይዘው ነበር፤ አስቀምጠው መጡ። ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ልጃቸው ከተማ ከገባ ጀምሮ የላከላቸው ፎቶ ሁሉ በጎን ነበር፤ ይህን ቆይቶ ነው የሰማሁት። እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ከግራ ዓይኑ ሥር ጉንጩን ዳበሱት።

«አሁን አየኝ» አሉ።

ጣታቸው ሲነሣ ጉንጩ ላይ ምልክቱ ቀረ። እኔ ጨርቄን ይዤ ልጠግን ስሄድ ጋሽ ሙላት ክንዴን ያዙኝ። አያ እንግዳም ተይው፣ የናቱ ጣት ነው፣ ይቀመጥበት አሉ። ጌታሰው ጥግ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ቀለስ አላለም። አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፤ ጌታሰው ግን አይቶ ነግሯት፣ ሰላም ከዚያ ጀምሮ ባገኘችኝ ቁጥር በኔ ሠርግ ያለቀሰችው ሠዓሊ እያለች ታስተዋውቀኛለች።

ጋሽ ሙላት ቃላቸውን ጠበቁ። የሥዕል ቤቴን ታፔላ በእጃቸው ጻፉልኝ። ከፊደሎቹ ጎን ሳልጠይቃቸው አንድ ወጣት ነድፈዋል፤ ዓይኖቹ ሁለት ናቸው፣ ከባጃጅ መቆሚያው ይታያሉ። የመጀመሪያው የጌታሰው ሥዕል፣ በጎን ያለው፣ ውስጥ ተሰቅሏል። ጎብኚ ሁሉ የሚወደው እሱን ነው፤ ብዙዎች ጠይቀውኛል፣ አልሰጥም። ጋሽ ሙላት ከዘራቸውን ይዘው ሲመጡ ለሱ ለብቻው እንደምን አደርክ ይሉታል። ድብ ባሕር ያለው ላይ የእናቱ ጣት ምልክት አብሮ ደርቋል፤ ባለፈው ጥር ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አልደበዘዘም።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ሸራ ከመወጠራችሁ በፊት ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ሄዳችሁ እዩ፤ እዚያ ቤት ቆሞ የሚያየው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ብሩሹን በአኳራጅ እጠቡ።